የገና መዝሙር ለፒያኖና ለአንድ የዜማ መሣሪያ፦ ሁለቱ ወረቀቶች ለምን አይመሳሰሉም?

ክላርኔት ተጫዋችና ፒያኖ ተጫዋች ከአንድ የመዝሙር መጽሐፍ አንዱን የገና መዝሙር መርጠው፣ የተጻፈውን ኖታ አንድም ሳይስቱ አብረው ቢጫወቱት የሚሰማው ጆሮ የሚያስይዝ ግጭት ነው። ከሁለቱ ማንም አልተሳሳተም፤ መሣሪያዎቹም ደኅና ናቸው። ገና በቀረበ ቁጥር ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ወይም «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» እያሉ ይተዉታል። ሊተዉት ግን አይገባም ነበር፤ ችግሩ የኖታ አጻጻፍ ልማድ እንጂ የችሎታ ማነስ አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ነጥብ መያዝ ይበቃል። የገና መዝሙር የተሠራው ለሰው አፍ ነው። ግጥሙ ቀርቶ ዜማው ለፍሉት ወይም ለትራምፔት ሲሰጥ፣ ግጥሙና የሰው ድምፅ ይሠሩት የነበረውን ሥራ በሙሉ ኖታው ሊተካው ይገባል። ለሁለት መሣሪያ የሚዘጋጅ ቅንብር ከመዝሙር መጽሐፍ የሚለየው በዚህ ነው።

የዜማ መሣሪያ የሚባለው የትኛው ነው?

ባብዛኛው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ እያወጣ ዜማ የሚመራ መሣሪያ ሁሉ ነው፦ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔት፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦን፣ ቫዮሊን፣ ቼሎ። ፒያኖ ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ስለሚያሰማ ዜማውን ከሥር የሚደግፉትን የድምፆች ስብስብ፣ ማለትም ኮርዶቹን፣ እንዲሁም ምቱን ይይዛል። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ዱኤት ይባላል።

ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚወጡት ቅንብሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ፒያኖው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጃቢ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሁለቱ ዜማውን ይቀባበሉታል። ስሙ በእውነት የሚገባው ለሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ከመዝሙር መጽሐፉ ላይ በቀጥታ ቢጫወቱትስ?

ከመቀጠሌ በፊት የምጠቀምባቸውን ቃላት ላብራራ። ድምፆቹን በፊደል ስማቸው እጠራቸዋለሁ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል፤ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ተጠግቶ ያለው ነጭ ቁልፍ ሲ ነው። ከአንዱ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለው ርቀት ኦክቴቭ ይባላል። ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ያለው ቁልፍ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ድምፅ ይሆናል። ሻርፕ አንድን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። ባር በኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው ክፍል ነው። ዜማው ዞሮ የሚያርፍበትን ድምፅ ተከትሎ ለመዝሙሩ የሚሰጠው ስያሜ ደግሞ ኪ ነው፤ «መዝሙሩ በቢ ፍላት ነው» ሲባል ማረፊያው ቢ ፍላት ነው ማለት ነው።

አሁን በዓለም ላይ በሰፊው ከሚዘመሩት አንዱን እንውሰድ፤ በጀርመንኛ «ሽቲለ ናኽት» የተባለውን፣ ስለ ጸጥተኛው ሌሊት የሚናገረውን መዝሙር። ግጥሙን የጻፈው ቄስ ዮሴፍ ሞር፣ ዜማውን የሠራው ፍራንስ ክሳቨር ግሩበር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በኦስትሪያ፣ ከዛልትስቡርግ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በኦበርንዶርፍ፣ በዲሴምበር 24 ቀን 1818 እ.ኤ.አ. ነበር። የተዘጋጀው ለሁለት ድምፅና ለአንድ ጊታር ነው። ከመነሻው የጥቂት ሰዎች ሙዚቃ ስለሆነ ለሁለት መሣሪያ ሲቀነባበር ወደ ተፈጥሮው የተመለሰ ያህል ይሰማኛል።

ዜማው 12 ባር ብቻ ነው። በብዙ የመዝሙር መጻሕፍት የሚታተመው በቢ ፍላት ነው። ከሁሉ ከፍ ያለው ድምፅ፣ ኢ ፍላት፣ ዘጠነኛው ባር ላይ ይመጣል። ከዚያ ዜማው እየወረደ ይሄድና በመጨረሻው ባር፣ በመጨረሻው ድምፅ፣ ከሁሉ ዝቅ ወዳለው ቢ ፍላት ይደርሳል። በአራት ባር ውስጥ ከአንድ ኦክቴቭ በላይ ወረደ ማለት ነው። በጉባኤ መካከል የሚዘምር ሰው ያን የመጨረሻ ድምፅ ባያገኘው እንኳ አጠገቡ ያለው ያወጣለታል።

ብቻዋን ለምትጫወት ፍሉት ግን ያ ድምፅ ከናካቴው የለም። የተለመደው ፍሉት የሚወርደው እስከ ፒያኖው መካከለኛ ሲ ነው። እግሩ ረዘም ያለው ዓይነት ደግሞ አንድ ግማሽ ድምፅ ጨምሮ እስከ ቢ ይወርዳል። ቢ ፍላት ከሁለቱም በታች ነው። ፍሉት ተጫዋቿ መዝሙሩን በሙሉ አሳምራ መጥታ ማረፊያው ላይ ስትደርስ ማረፊያ ታጣለች።

አቀናባሪው ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው ዜማውን በአንድ ኦክቴቭ ከፍ ማድረግ ነው። ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን ፍሉት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየደመቀ ስለሚሄድ እሹሩሩ የመሰለው ዜማ የአዋጅ መልክ እንዳይዝ ከፍተኛ የትንፋሽ ቁጥጥር ይጠይቃል። ሁለተኛው መዝሙሩን ወደ ሲ ኪ ማዛወር ነው። ያን ጊዜ የመጨረሻው ድምፅ የፍሉቱ ዝቅተኛ ሲ ይሆናል፤ ለስለስ ያለ፣ ሙቀት ያለው፣ ነገር ግን ደካማ ድምፅ ነው። እዚያ ላይ ፒያኖው ሁለቱን እጆቹን ይዞ ከመጣ ፍሉቱ አይሰማም። ጥሩ አቀናባሪ በመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች ከፒያኖው ላይ ኖታ ይቀንሳል። ቅንብር ስገመግም መጀመሪያ የማየው ይህንን ቦታ ነው፤ አቀናባሪው መሣሪያውን ማወቅ አለማወቁ እዚያ ላይ ይገለጣል።

ሁለቱ ወረቀቶች የተለያየ ኪ የሚያሳዩት ለምንድን ነው?

ይህ ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባው ነጥብ ነው። ፒያኖ፣ ፍሉት፣ ኦቦና ቫዮሊን ሲ ሲጻፍላቸው የሚያሰሙት ሲ ነው። የተለመደው ክላርኔትና ትራምፔት ግን ሲ ተጽፎላቸው ሲጫወቱ የሚሰማው ቢ ፍላት ነው፤ ከተጻፈው በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። አልቶ ሳክስፎን ሲ አንብቦ የሚያሰማው ኢ ፍላት ነው። ሆርን ደግሞ ኤፍ። በመጽሐፍ ሽፋን ላይ «ለቢ ፍላት መሣሪያዎች» ወይም «ለኢ ፍላት መሣሪያዎች» ተብሎ የሚጻፈው ይህንኑ ለመናገር ነው፤ መሣሪያው የተጻፈለትን ሲ ሲጫወት የሚሰማው ድምፅ ማለት ነው።

በሁለት አህጉር የሚኖሩ ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ የአንዱ ሰዓት ስምንት፣ የሌላው አሥራ አንድ ሊል ይችላል። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ የሚነጋገሩት በዚያችው ቅጽበት ነው። የክላርኔቱ ሲ እና የፒያኖው ቢ ፍላትም እንደዚሁ ናቸው፤ በወረቀት ላይ የተለያዩ፣ በአየር ላይ አንድ።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ለተጫዋቹ ጣት ሲባል ነው። የትንፋሽ መሣሪያዎች በቤተሰብ በቤተሰብ ይሠራሉ። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የፈጠራ መብት ያወጣበት ሳክስፎን ከመጀመሪያውም አንድ መሣሪያ ሳይሆን ከትንሽ እስከ ትልቅ የሚደረደር ቤተሰብ ነው። ዛሬ ከእነዚህ ውስጥ አልቶው የኢ ፍላት፣ ቴነሩ የቢ ፍላት መሣሪያ ነው። የጣት አቀማመጣቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። አልቶ የተማረ ሰው ቴነር ሲያነሳ ያየውን ኖታ በለመደው ጣት ይጫወታል፤ ልዩነቱን አስቀድሞ ያስላለት ኖታውን የጻፈው ሰው ነው። የኦርኬስትራ ክላርኔት ተጫዋችም የቢ ፍላትና የኤ ክላርኔት እያፈራረቀ የሚጫወተው አዲስ የጣት አቀማመጥ ሳይማር ነው።

ስለዚህ በአንድ ቅንብር ውስጥ የፒያኖው ወረቀት ቢ ፍላት ከሆነ የክላርኔቱና የትራምፔቱ ወረቀት ሲ፣ የአልቶ ሳክስፎኑ ጂ ሆኖ ይታተማል። ይህ ስሕተት ሳይሆን የቅንብሩ ትክክለኛ መልክ ነው። ብዙ መጻሕፍት አንድ የፒያኖ ክፍል አዘጋጅተው ለየመሣሪያው ለብቻ የሚነጠል ወረቀት ያስገባሉ። ለክላርኔት የተዘጋጀውን ወረቀት ለፍሉት የሚሰጥ ሰው ግን መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት ግጭት ይመለሳል፤ የዜማው ቅርጽ ትክክል ሆኖ በሙሉ ከፒያኖው በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል።

በልምምድ ላይ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በፒያኖው ወረቀት ላይ፣ ከፒያኖው መስመሮች በላይ፣ የጓደኛው ዜማ አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ኖታ ይታተማል። ፒያኖ ተጫዋቹ የቱ ላይ እንደደረሱ የሚከታተለው በእሱ ነው። በብዙ መጻሕፍት ያ ዜማ የሚጻፈው በሚሰማው ድምፅ ነው። ስለዚህ ፒያኖ ተጫዋቹ «ሦስተኛው ባር ላይ ኤፍ ነው ያለህ» ቢል ክላርኔቱ ከፊቱ የሚያየው ጂ ነው። እንዳይጨቃጨቁ ከመጀመሪያው ይስማሙ፤ ባሩን በቁጥር፣ ድምፁን «በፒያኖው» ብሎ መጥራት ይበቃል።

ኪው በምን ይመረጣል?

በጣትና በድምፅ። ግጥሙን አይዛክ ዋትስ በ1719 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና ለዓለም ደስታን የሚያውጀው መዝሙር፣ በእንግሊዝኛ «ጆይ ቱ ዘ ወርልድ» የተባለው፣ በብዙ መጻሕፍት በዲ ኪ ነው፤ ሁለት ሻርፕ፣ ማለትም ከሰባቱ ድምፆች ሁለቱ በሻርፕ የሚጫወቱበት። ለቫዮሊን ይህ ምቹ ነው፤ ዲ እና ኤ ጣት ሳይነካቸው የሚሰሙ የገመድ ድምፆች ናቸውና መሣሪያው በሙሉ አብሮ ያስተጋባል። ያው መዝሙር ለክላርኔት ሲጻፍ ግን ኢ ኪ ይሆናል፤ አራት ሻርፕ። ለአልቶ ሳክስፎን ቢ፤ አምስት ሻርፕ። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህ መዝሙር ሳይሆን ፈተና ነው። መዝሙሩን ወደ ኢ ፍላት በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብናደርገው ክላርኔቱ አንድ ፍላት፣ ሳክስፎኑ ምንም ሻርፕም ፍላትም የሌለበት ሲ ይደርሰዋል። ለትንፋሽ መሣሪያዎች የሚዘጋጁ መጻሕፍት ኤፍ፣ ቢ ፍላትና ኢ ፍላት ላይ የሚያዘወትሩት ለዚህ ነው።

ቀላል ኪ ሁሉ ግን ቀላል ዜማ አያስገኝም። የጸጥተኛው ሌሊት መዝሙር በቢ ፍላት ሲሆን ክላርኔት በሲ እንደሚያነብ አይተናል፤ በወረቀት ላይ ከዚህ የቀለለ የለም። ዜማው የሚጀምረው ግን ከጂ ተነሥቶ ኤ ነክቶ ነው፤ እነዚህ በክላርኔት ላይ ጣቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተነሥተው የሚወጡ፣ ደብዘዝ ያሉ ድምፆች ናቸው። ከስምንተኛው ድምፅ በኋላ ደግሞ ዜማው ወደ ላይኛው ዲ ይዘላል፤ ከዚያ ቢና ሲ ላይ ቆይቶ ወደ ጂ ይመለሳል። ሲ ላይ የሁለቱም እጆች ጣቶች ቀዳዳዎቹን ይከድናሉ፤ ጂ ላይ ሁሉም ይነሣሉ። በዚያ ዘገምተኛ ዜማ ውስጥ ይህን ሽግግር ሳያደናቅፉ ማሳለፍ የሳምንታት ልምምድ የሚገባው ሥራ ነው። «ቀላል» ተብሎ የተሰጠው መዝሙር የከበደው ተማሪ ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ግጥሙ ሲቀር ምን ይጎድላል?

ሁለት ነገር፦ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታና ለውጥ።

ዘማሪ ትንፋሹን የሚወስደው ሐሳቡ ሲያልቅ ነው። መሣሪያ ተጫዋች ግን የሚያየው ኖታ ብቻ ስለሆነ ባሩ ሲያልቅ ወይም አየሩ ሲያልቅ ይተነፍሳል፤ አንዳንዴም ቃሉን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ያ የደስታ መዝሙር ሲጀምር አንድ ሙሉ ኦክቴቭ በስምንት ድምፅ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ግጥሙን የማያውቅ ትራምፔት ተጫዋች እንደ ስኬል ልምምድ፣ ማለትም ድምፆችን በተርታ እንደ መውጣትና መውረድ፣ ሳያቋርጥ ያወርደዋል። ግጥሙ ግን ከአራተኛው ድምፅ በኋላ ነጠላ ሰረዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ድምፆች አዋጅ ናቸው፣ የቀጠሉት አራቱ ምክንያቱን ይናገራሉ። እዚያ ላይ ድምፁን ለቅጽበት አንሥቶ መቀጠል ብቻ መዝሙሩን መዝሙር ያደርገዋል። የምመክረው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን አንጓ ግጥም በእርሳስ ከኖታው በላይ ጻፉት፣ ሳትጫወቱም አንድ ጊዜ ዘምሩት።

ለውጥ የሚለው ከዚህ ይከብዳል። መዝሙር በየአንጓው ዜማው ያው ሆኖ ቃሉ ይለወጣል። ቃሉ ሲወጣ የሚቀረው፣ ለምሳሌ የጸጥተኛው ሌሊት 12 ባር፣ ሦስት ጊዜ ሳይለወጥ መደጋገሙ ነው፤ ሰሚውም ሁለተኛው ላይ ሐሳቡ ይበተናል። ዱኤት የሚባለው ከአጃቢነት ያለፈው ነው ያልኩት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው አንጓ ክላርኔቱ ዜማውን ያለ ምንም ጌጥ ያቀርባል። በሁለተኛው ፒያኖው ዜማውን ይቀበላል፤ ክላርኔቱም ከሥር ወይም ከላይ ሌላ፣ ከመጀመሪያው ጋር የሚስማማ መስመር ይጫወታል። በመጨረሻው አንጓ ዜማው ተመልሶ ሲመጣ ሰሚው እንደ አዲስ ይቀበለዋል። የዜማ መሣሪያው ከዋናው ዜማ በላይ ወጥቶ የሚጫወተው ተጨማሪ መስመር ዴስካንት ይባላል፤ በመዘምራን ልማድ ለመጨረሻው አንጓ የሚቆይ ጌጥ ነው።

ሌላው የተለመደ ዘዴ ለመጨረሻው አንጓ ኪውን ከፍ ማድረግ ነው። በአንድ ዝግጅት ላይ አንድ ጊዜ ሲመጣ ልብ ያነሣል። በእያንዳንዱ መዝሙር ሲደጋገም ግን ሰሚው ይጠብቀዋል፤ የተጠበቀ ነገር ደግሞ አያስደንቅም። በተጨማሪም ግማሽ ድምፅ መጨመር ለፒያኖው ቀላል መስሎ ክላርኔቱን ክፉኛ ይጎዳዋል፤ ከቢ ፍላት ወደ ቢ ሲኬድ የክላርኔቱ ወረቀት ከሲ ተነሥቶ ሰባት ሻርፕ ወይም አምስት ፍላት ላይ ይወድቃል። አንድ ሙሉ ድምፅ ከተጨመረ ግን ሁለት ሻርፕ ብቻ ነው።

ፒያኖው ያው ዜማውን ቢጫወትስ?

የመዝሙር መጽሐፍ የሚጻፈው ለአራት የሰው ድምፅ ነው፤ ዜማው ከላይኛው ድምፅ ላይ ይቀመጣል። ፒያኖ ተጫዋቹ ያንን እንዳለ ከተጫወተው ዜማው ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ፍሉቱ ድምፁን ሲያሳድግና ሲያሳንስ፣ ፒያኖው ደግሞ በዚያው ድምፅ ላይ እየመታበት። ፍሉቱ ነፃነት ያጣል። ለጀማሪ ልጅ ድጋፍ ስለሚሆነው ልምምድ ላይ ባይከለከልም ለሰሚ ሲቀርብ ዜማው ከፒያኖው ላይ ቢወጣ ይሻላል።

በምትኩ ፒያኖው ምን ይሥራ? የፒያኖ ድምፅ መዶሻው ገመዱን መትቶ ከተመለሰበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። የፍሉትና የቫዮሊን ድምፅ ግን ትንፋሹ ወይም ቀስቱ እስካለ ድረስ ይኖራል፣ ሊያድግም ይችላል። ዜማው ረጅም ድምፅ ላይ ሲቆም ፒያኖው አብሮ ከቆመ ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የፒያኖው ግራ እጅ ኮርዱን በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ድምፆቹን አንድ በአንድ ይበትናቸዋል፤ ዜማው ሲቆም እሱ ይንቀሳቀሳል፣ ዜማው ሲንቀሳቀስ እሱ ይረጋል። የፒያኖው ክዳን በሙሉ ተከፍቶ ፍሉቱ ዝቅ ባለው ድምፁ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ክዳኑን በግማሽ መክፈት ወይም መዝጋት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ማን ለማን ይቃኛል?

የዜማ መሣሪያው ለፒያኖው። ፒያኖ ከ200 በላይ ገመድ ስላለው ከመድረክ ላይ ሊቃኝ አይችልም፤ ፍሉት ግን የሚነፋበትን የላይኛውን ክፍል ጥቂት በመሳብ፣ ትራምፔት የመቃኛ ቧንቧውን በመሳብ፣ ቫዮሊን ገመዱን በማጥበቅና በማላላት ይስተካከላል። ዓለም አቀፉ መለኪያ የመካከለኛው ኦክቴቭ ኤ በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ ነው። ፒያኖው ከዚያ ዝቅ ብሎ የተቃኘ ከሆነ ግን መለኪያው ፒያኖው ነው፤ የኪስ መቃኛውን አስቀምጦ ቁልፉን መጫን ነው።

ለትንፋሽ መሣሪያ ሙቀት ወሳኝ ነው። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ስለሚፈጥን የመሣሪያው አየር ሲሞቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል፤ ይህን የማይሰማ ጆሮ የለም። ብርድ ላይ የቆየን ክላርኔት ከሳጥኑ አውጥቶ ወዲያው መቃኘት ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ተጫውቶ አሙቆ፣ ከዚያ መቃኘት። ፒያኖው ብቻውን ሁለት አንጓ ሲጫወት የሚጠብቅ ተጫዋችም ድምፅ ሳያወጣ ወደ መሣሪያው ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይስደድበት።

መዝሙሩ የጥንት ከሆነ ኖታውን ማባዛት ለምን ይከለከላል?

ዜማውና ቅንብሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው። የ1818ቱ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንም ሰው ሊጫወተው፣ ሊያቀናብረው፣ ሊያሳትመው ይችላል። አንድ ሰው ከዚያ ዜማ ተነሥቶ የጻፈው የፒያኖ ክፍልና ተጨማሪ መስመር ግን የእሱ ሥራ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የበርን ስምምነት የሙዚቃ ቅንብርን እንደ ራሱን የቻለ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ጥበቃው በብዙ አገሮች አቀናባሪው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ መጽሐፉን ሳይገዙ ፎቶ ኮፒ የማድረግ ክልከላ ከመዝሙሩ ዕድሜ ጋር አይገናኝም። ነፃ ሆኖ መሥራት ለሚፈልግ ያለው መንገድ ከቀድሞ የመዝሙር መጽሐፍ ላይ ዜማውን ወስዶ የራሱን ቅንብር መጻፍ ነው፤ ለክላርኔት ከሆነ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ ለአልቶ ሳክስፎን ከሆነ የሚሰማውን ድምፅ አንድ ብሎ ወደ ላይ ቆጥሮ ስድስተኛው ላይ አስቀምጦ (ኢ ፍላት እንዲሰማ ሲ፣ ቢ ፍላት እንዲሰማ ጂ እንደሚጻፍ)።